አማትየዋ ግብ ጠባቂ

እማማ ኤውሎጊያ ኳስ እንደጠሉ ነው የኖሩት። ስልሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግብ ላይ የቆሙት ልጃቸው ሁስቶ ሚስቱን ኒየቬስን፣ "እናቴ ሜዳ ላይ ካለች ትጫወቺያለሽ፤ ከሌለች ቤትሽ ቁጭ በይ" ስላላት ነው።

እዚህ ቲቲካካ ሐይቅ ዳር አንዱ ባል ያለውን ሌላው ለመድገም አፍታ አይፈጅበትም። የሁላችንም ባሎች "እማማ ኤውሎጊያ ካሉ" ማለት ጀመሩ። የራሳችን አማቶች ጉልበቴን፣ ወገቤን እያሉ ስለሸሹ አሮጊቷ የመንደሩ ሚስቶች ሁሉ ዘበኛ ሆነው አረፉት።

እሑድ ከሰዓት ላማዎቹን በረት ከተን እንሰበሰባለን። እሳቸው ሰፊ ቀሚሳቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፤ ኳሱም እዚያው ውስጥ ይጠፋል።

"እማማ፣ ኳሷን ይልቀቋት እንጂ። አረገዟት እኮ" ትላለች ኒየቬስ።

"አንቺ እምቢ ስትዪ እኔ ላርግዝ እንጂ!"

ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። በሳምንት ውስጥ ማንም ለሥራ የማይጠራን በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

አምና ክረምት ነርሷ ልባቸው መድከሙን ነገረቻቸው፤ ብርድ ላይ እንዳይቆሙም ከለከለቻቸው። አብራቸው የሄደችው ኒየቬስ ነበረች።

"ይቅርብን፣ እማማ። ኳስ እኮ ነው።"

"እኔ በአንቺ ዕድሜ ከበጎቹ ኋላ በቀር የት ወጣሁ? ለባልሽ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።"

በነፋሻማው ወር አንድ እሑድ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ቋሚውን ተደግፈው ተቀመጡ። ያረፉ መስሎን መጫወታችንን ቀጠልን። እንዲያውም ባዶ ግብ ተገኘ ብለን አገባንባቸው። ኒየቬስ እየሳቀች ኳሱን ልታነሳ ሄዳ ነው መሞታቸውን ያየችው።

ለቅሶው ላይ ሁስቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "እናቴን ኳስ ገደላት" አለ፤ የኮካ ቅጠል የሚያኝኩት ወንዶችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሾርባ የምታዞረው ኒየቬስ ቆመች።

"ያቆምካቸው አንተ ነህ። ልባቸው መድከሙን እያወቁ የቆሙት፣ እሳቸው ቤት ከቀሩ እኔም እንደምቀር ስለሚያውቁ ነው።"

ሁስቶ ቀና አለ። "አንቺስ ታውቂ ነበር?"

ወደ ሾርባው አቀረቀረች።

"እያወቅሽ ነው ይዘሻት የወጣሽው?"

እሱ ያወጣው ሕግ በዚያች ጥያቄ ተረሳ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ኒየቬስ አሁን ገበያ ስትወጣ "አማቷን በኳስ የገደለችው" ይሏታል። ሜዳው የወንዶች ብቻ ሆኗል። ልጄ ልጫወት ባለች ቁጥርም አባቷ፣ "እንደ ኒየቬስ ልትሆኚ ነው?" ይላታል።