አንዴ ብቻ ጠየቃት

ጂኖ ካፑቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቱ ቤት የገባ ዕለት የሎሚ ኬክ ቀረበለት። «አመሰግናለሁ» አለና ሁለት አነሳ። የእጮኛው የአርዲስ እናት በርጊት ሃውገን ሳህኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ወደ ወጥ ቤት ስትመለስ የልጇን ክንድ ያዝ አድርጋ፣ «ምስኪን፣ ምን ያህል ቢርበው ነው!» አለቻት በሹክሹክታ።

አርዲስ ሳቋን በፎጣ አፈነችው። በሰሜን ዳኮታዋ ከተማ በሆልስታድ ሰው የቀረበለትን ዘሎ አያነሳም። መጀመሪያ «ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ባለቤቲቱ ስትደግምለት «አትቸገሪ፣ ምንም አልል» ይላል። ሦስተኛ ስትለምነው ነው «እንግዲህ ካልሽማ» ብሎ እጁን የሚሰድ። ጂኖ ግን በምሥራቅ ጠረፍ ያለችው የኒውአርክ ጣልያኖች ልጅ ነው። እሱ ባደገበት ቤት የፈለገ ይበላል፣ ያልፈለገ ይጮኻል።

«እናንተ አገር ሰው የሚሞተው በጨዋነት ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

«እናንተ ዘንድ ደግሞ በጩኸት» ትለዋለች።

እንዲህ እየተባባሉ ተጋቡ፤ ሉሲያ የምትባል ልጅም ወለዱ።

ሁለቱም የሚያስተምሩት ሆልስታድ ኮሌጅ ነበር፤ እሱ ታሪክ፣ እሷ ስለ ወንዝና ስለ ሐይቅ ፍጥረታት። የሚለያዩት በቅጥራቸው ነው። ኮሌጁ ከአንድ ቤት ሁለት ቋሚ መምህር አይቀጥርም። ባል ቋሚ ከሆነ ሚስት የምትሠራው በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነው። ሰው ይህን እንደ ክረምቱ ብርድ ለምዶታል፤ ደርቦ ለብሶ መውጣት እንጂ ማን ከብርድ ጋር ይጣላል? አርዲስም በየሚያዝያው ትፈርምና ቦት ጫማዋን አጥልቃ ተማሪዎቿን ወደ ወንዙ ይዛ ትወርዳለች።

«ያያችሁትን ተናገሩ» ትላቸዋለች፣ ውኃ የሞላውን ብልቃጥ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ። «ልታዩ የፈለጋችሁትን አይደለም። እኔ ደስ እንዲለኝም አይደለም። ያያችሁትን።»

የመምህራን ማኅበር የማቋቋም ነገር የተነሳው በቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው። በጎረቤት ኮሌጅ አንድ የፍልስፍና መምህር ክፍል ውስጥ ጦርነቱን ነቀፈ ተብሎ በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ ተሰናበተ። አንድም የሥራ ባልደረባ አልጮኸለትም። ድንችና የተፈጨ ሥጋ በምድጃ ጋግረው፣ በጨርቅ ሸፍነው በራፉ ላይ እያስቀመጡለት ሄዱ።

«ምግብ!» አለ ጂኖ ወሬውን ሲሰማ። «ሰውዬው እንጀራውን ተነጥቆ ድንች በሥጋ ያመጡለታል!»

«ማዘናቸውን መናገራቸው እኮ ነው።»

«አፍ የላቸውም? ለምን በአፋቸው አይናገሩም?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጂኖ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በሰሜን ዳኮታ ያሉ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሁሉ አንድ ማኅበር ይኑራቸው፣ ማንም በተናገረውና ባስተማረው ከሥራው እንዳይነቀል።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሐሳቡን ይዞ የሚዞረው ሰው ግን መኪና መንዳት አይችልም። ባቡር በደጁ ሲያልፍ ያደገ ሰው መሪ መጨበጥ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ አርዲስ ነዳች። ያን ክረምት ሙሉ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ሉሲያን ለእናቷ ትተው፣ ኋላ ላይ ብርድ ልብስና አካፋ ጭነው፣ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው ሜዳውን አቋረጡ። ጂኖ ጎኗ ተቀምጦ ንግግሩን ይለማመዳል፤ እሷ በረዶ የሸፈነውን የመንገድ ዳር በዓይኗ ትፈልጋለች።

አንድ ቦታ በሂሳብ መምህር ሳሎን ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ጂኖ ተነስቶ፣ «ጓደኞቼ፣ የኮሌጆቹ አስተዳደር ቦርድ ቢላዋውን ስሏል! ዛሬ የእሱ አንገት፣ ነገ የእናንተ!» ብሎ ጀመረ። ሰዎቹ ጫማቸውን አዩ። እሱ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር እነሱ ይበልጥ ወደ ምንጣፉ አቀረቀሩ። አርዲስ ከኋላ ሆና፣ «የእናንተም ሕንፃ ጣራ ያፈሳል?» ብላ ጠየቀች።

«ያፈሳል ወይ!» አለ የሂሳቡ መምህር ቀና ብሎ። «ባልዲ ደቅነን ነው የምናስተምረው።»

«ለአለቃ ነግራችኋል?»

«ኧረ ማን ይነግራል። የነገረ ሰው ባልዲውን ራሱ ይያዝ ይባላል።»

ተሳቀ። ከዚያ አንዷ ስለ ጣራው፣ ሌላው በአለቃው ትእዛዝ ከንባብ ዝርዝሩ ስለተሰረዘ መጽሐፍ፣ ሦስተኛው ስለዚያ የፍልስፍና መምህር ማውራት ጀመሩ። ሲመለሱ ጂኖ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ «እኔ ስለ ቢላዋ አወራለሁ፣ አንቺ ስለ ባልዲ፤ ሰዎቹ አባል ለመሆን የሚፈርሙት ለባልዲው» አላት።

የመመሥረቻው ጉባኤ በመጋቢት፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተጠራ። ብርዱ አልለቀቀም ነበርና መኪኖቹ ሞተራቸው በብርድ እንዳይደርቅ የማሞቂያ ገመዳቸው ከግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ እንደታሰሩ ፈረሶች ተደርድረዋል። ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ የመጣው የሕግ መምህሩ ሃርላን ስትሮም ነበር፤ ረጅም፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው።

«የእኛ ሰዎች ይገባሉ» አለ ሃርላን። «ግን አባል የሚሆነው ቋሚ መምህር ብቻ ይሁን። የአንድ ዓመት ውል ያለው እንደ አጨዳ ሠራተኛ ነው፤ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። በእሱ ጉዳይ ከቦርዱ ጋር ከተጣላን ለራሳችን የሚተርፍ ጉልበት አይኖረንም።»

«የሚያስተምሩት ግን እነሱ ናቸው እኮ!» አለ ጂኖ።

«አውቃለሁ፣ ፕሮፌሰር ካፑቶ። ይሁንና እኛ የሌለንበት ማኅበር የእርስዎ የሻይ ክበብ ነው።»

ለምሳ ተነሱ። ጂኖ ኮቱን ሳይደርብ ወጣ። አርዲስ የመኪናውን የፊት መስታወት በረዶ እየፋቀች ነበር።

«አርዲስ፣ ምን ላድርግ? እሺ ካልኩ እንዳንቺ ያሉት ሁሉ ውጭ ይቀራሉ። እምቢ ካልኩ ክረምቱን ሙሉ የለፋንበት ዛሬ ይፈርሳል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ኧረ ስለ እኔ አታስብ» አለች። «መጀመሪያ ማኅበሩ ይቁም። እኛ በሚቀጥለው ዓመት እንገባለን።»

ጂኖ ትንፋሹን ለቀቀ። «አንቺ እኮ ከሁላችንም ትበልጫለሽ» ብሎ የቀዘቀዘ ጉንጯን ስሞ ሮጦ ገባ።

አርዲስ መፋቂያውን እንደያዘች ቆመች። ሁለተኛው «አይ» አፏ ላይ ነበር። ከእሱ ኋላ ደግሞ የልቧ ቃል ተራውን ይጠብቅ ነበር፤ «እንግዲህ ካልክማ ጂኖ፣ አትተወን።» በሩ ተመልሶ የሚከፈት መስሏት ጥርት አድርጋ የፋቀችውን መስታወት ደግማ ፋቀችው። በሩ አልተከፈተም።

በኋላ በወጥ ቤቱ በር ገብታ ከቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ጋር ሳህን ስታደርቅ፣ ምግብ በሚቀበሉበት መስኮት አዳራሹ ይታያት ነበር። «ቋሚ መምህር ብቻ የሚለውን አንቀጽ የምትደግፉ!» ሲባል እጆች ተነሱ። የጂኖም እጅ ተነሳ። አንዷ ሴትዮ፣ «ባልሽ ሊቀመንበር ሆነ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» አለቻት። አርዲስ አመሰገነቻት። ደስታዋ የውሸት አልነበረም፤ ሲመለሱ ጂኖ በጣልያንኛ እየዘፈነ እሷም አብራው አንጎራጉራለች። የሚቀጥለው ዓመት ሩቅ አልመሰላትም ነበር።

የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው ደግሞ ለሌላ ኮሚቴ መራው።

በዚያው ጥቅምት፣ ወንዙ ዳር ያለው የስኳር ፋብሪካ የዓመቱን ሥራ በጀመረ ሰሞን ወንዙ ላይ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። የከተማው ጋዜጣ ሰው አርዲስን ከተማሪዎቿ ጋር ወንዙ ዳር አገኛትና ጠየቃት።

«ከፋብሪካው ቱቦ በላይ ያለው ዓሣ ደህና ነው» አለችው። «ከቱቦው በታች ያለው ሞቷል። ያየሁት ይህን ነው።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሚያዝያ መጣ፣ ውሉ ግን አልመጣም። የኮሌጁን ፕሬዚዳንት ኮሪደር ላይ ስታገኘው ባርኔጣውን አውልቆ በትህትና፣ «ውል እኮ አርዲስ፣ ሲያልቅ ያልቃል። ማንም አላባረረሽም» አላት።

ጂኖ ነገሩን ይዞ ወደ ማኅበሩ ሄደ። ሃርላን ስትሮም እስከ መጨረሻው ሰማው፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ያንን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ አፍሬበታለሁ» አለ። «ግን አባል አይደለችም። ደንባችንን መጀመሪያ የምንጥሰው ለሊቀመንበሩ ሚስት ከሆነ ቦርዱ ዳግመኛ አይሰማንም። እርስዎ ራስዎ እጅዎን አንስተውበታል።»

ያን ሳምንት በርጊት ድንችና ሥጋ ጋግራ መጣች። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ የሚንጎራደደውን አማቿን ስታይ ቆየችና፣ «አንተ፣ ተቀመጥ እስቲ» አለችው። «ያን ጊዜ እጅህን ከማንሳትህ በፊት እሷን ጠይቀሃታል?»

«እንዴት አልጠይቃት! ስለ እኔ አታስብ አለችኝ።»

«ስንት ጊዜ ጠየቅሃት?»

«ምን ማለት ነው ስንት ጊዜ? አንዴ ነዋ!»

በርጊት ዓይኗን ጨፈነች። «አንዴ! ሰው አንዴ የሚጠየቀው እኮ እምቢ እንዲል ሲፈለግ ነው።»

ጂኖ ወደ ሚስቱ ዞረ። አርዲስ ሉሲያን እያጎረሰች ነበር፤ ቀና አላለችም። ቀና አለማለቷ መልስ ሆነው። ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ፣ «ሊቀመንበርነቱን እለቃለሁ» አላት።

«አትልቀቅ።»

«እለቃለሁ፣ አርዲስ።»

«አትልቀቅ አልኩህ።»

«ለሦስተኛ ጊዜ እየጠየቅኩሽ ነው።»

«አሁን ያልኩት የምሬን ነው» አለች። «አንተም ከወጣህ የሚቀጥለውን ዓመት ማን ያመጣዋል?»

ቤቱ ሁለት ደሞዝ የለመደ ቤት ነበር፤ መንዳት ደግሞ ታውቃለች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ሆነች። በየማለዳው ፋብሪካው አጠገብ ባለው የወንዙ ድልድይ ላይ ታልፋለች፤ ጥቅምት ሲሆን ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው «ሸተተ! ሸተተ!» እያሉ ይንጫጫሉ። «ወይዘሮ ካፑቶ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» ለሚላት የምታውቀውን ትነግረዋለች። ልጆቹ ግን ደወል ሳይደወል መድረስ አለባቸውና ከድልድዩ ወርዳ አሳይታቸው አታውቅም። ብልቃጦቿ ዕቃ ቤት ቀሩ፤ በርጊት አንዳንዶቹን በኮምጣጤ ለምታቆየው ኪያር ወሰደቻቸው።

አንቀጹ መለወጡ አልቀረም። ጂኖ በየጉባኤው እያነሳ፣ እየተሸነፈ፣ እንደገና እያነሳ ብዙ ዓመት ፈጀበት። ሲለወጥ ግን የአርዲስ ክፍል ለሌላ ተሰጥቷል፤ እሷም የተማሪ ፊት ማየት የለመደችው በአውቶቡሱ የኋላ ማሳያ መስታወት ሆኗል።

በማኅበሩ የምሥረታ በዓል ቀን በዚያው ምድር ቤት ምሳ ተደረገ። የጂኖ ጸጉር ሸብቷል። ንግግሩ ላይ «ይህን ማኅበር የወለደው የሚስቴ መኪና ነው» ሲል ሰው አጨበጨበ። ማርሊስ የምትባል ወጣት መምህርት ወደ አርዲስ ጠጋ አለች። ስለ እርሻ መድኃኒት በጻፈችው ጽሑፍ ምክንያት ውሏ ሊቋረጥ ሲል ማኅበሩ ተሟግቶ አስቀርቶላታል።

«እርስዎም ከመሥራቾቹ ነዎት አይደል?»

«እኔ ሹፌር ነበርኩ» አለች አርዲስ፣ ፈገግ ብላ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «አስተማሪም ነበርኩ» አለች። አርዲስ የልጅቷ ክፍል ገብታ ስታስተምር ብታያት ደስ ይላት ነበር፤ ግን ልምጣ ብላ አልጠየቀቻትም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጂኖ ከግብዣው የተረፈ የሎሚ ኬክ በወረቀት ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዟል።

«ያን ቀን ሁለተኛ ብጠይቅሽ ምን ትዪኝ ነበር?» አላት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ይህን ደፍሮ ጠይቋት አያውቅም።

«አይ፣ ስለ እኔ አታስብ።»

«ሦስተኛ ብጠይቅሽስ?»

አርዲስ ማርሽ ቀየረች። ድልድዩ እየቀረበ ነበር። ለጋዜጠኛው ያየችውን እንዴት በቀላሉ እንደተናገረች ትዝ አላት። ስለ ዓሣው አንደበቷ አልተያዘም፤ ስለ ራሷ ግን ሰው ሦስቴ እስኪለምናት ጠበቀች።

«አንተ አንዴ ጠየቅኸኝ» አለች በመጨረሻ። «እኔም አንዴ መለስኩልህ። በአንዷ መልሴ 'አትተወን' ማለት እችል ነበር። አፌን የያዘኝ ሰው አልነበረም፣ ጂኖ።»

ወንዙን ተሻገሩ። ከዚያ ጂኖ የኬኩን ወረቀት ፈትቶ፣ «ግማሹን ትበያለሽ?» አላት።

«አዎ» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፤ እጇንም ዘረጋች።

ጂኖ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ልመና አዘጋጅቶ ነበርና አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከዚያ ትልቁን ቁራሽ መዳፏ ላይ አኖረላት።