የቀንድ አውጣዎቹ ወገን

ባለፈው ሳምንት ሲ.ኤም.ሲ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ክንዴን በአልኮል ስትጠርግልኝ፣ ሽታው ሳልጠራው መጥቶ ኮተቤ፣ የድሮው ላቦራቶሪያችን ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ላንቺ ልንገርሽ።

መምህርነት ስንማር፣ ሽማግሌው የባዮሎጂ መምህራችን ባሕሩ የእኛ በነበረ ጊዜ ከምጽዋ ያመጡት አንድ ብልቃጥ አሸዋ ነበራቸው። አሸዋው ውስጥ ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ነበሩ። እኔና የወንበር ጓደኛዬ ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ዘግተን እንለቅማቸው ነበር። የእንጦጦ ነፋስ ከገባ ወይም አንዳችን ካስነጠስን የሳምንት ሥራ ብን ይላል። ጓደኛዬ የካራ ገበሬ ልጅ ነበረች፤ ከእናቷ ስፌት የተረፈ ስንደዶ ይዛ መጥታ፣ ጫፉን በምላሷ እያራሰች አንድ በአንድ ታነሳቸው ነበር። መምህራችን "ከሁለታችሁ የተሻለችው ረዳቴ ሆና እዚሁ ትቀራለች" ብለውናል። ሌላዋ ዕጣ ወደጣላት አገር ሄዳ ልታስተምር ነው።

እሳቸው ቅርፊቶቹ ሁሉ ነጭና ሹል ስለሆኑ ገና ዱሮ በአንድ ወገን መድበዋቸው፣ የሳይንስ ስሙን ሳጥኑ ላይ ጽፈውበታል። አንድ ቀን ጓደኛዬ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳትል "ነይ እስቲ እዪ" አለችኝ። አንዳንዶቹ አፋቸው ውስጥ ትንሽ ጥርስ መሳይ ነገር ነበራቸው፤ ጫፋቸውም ወደ ጎን ተገልብጧል።

"እነዚህ የሌላ ወገን ናቸው" አለች። "ግን እኔ እሳቸውን ተሳስተዋል ልበል? አንቺ ንገሪልኝ፣ መናገር ትችይበታለሽ።"

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በማይክሮስኮፑ ረጅም ጊዜ አዩ።

"እውነት ነው" አሉ። "ይህን ሁሉ ዘመን አላየሁትም። ማንኛችሁ ናችሁ ያያችሁት?"

ጓደኛዬ አቀርቅራ ጣቶቿን ታፍተለትል ነበር። ስሟን እስክጠራላት እየጠበቀች ነው። "እኔ ነኝ" አልኩ።

ለምን ዋሸሽ ብትዪኝ፣ ፈራሁ። ከአዲስ አበባ መውጣት ፈራሁ። የእሷን እንጀራ ነጥቄ እዚሁ ቀረሁ፤ ከረዳትነትም አልፌ መምህር ተባልኩ። እሷን ዕጣው ጠረፍ ጣላት። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ሆድ ይፍጀው ያለች መሰለኝ። እስከ ዛሬ ተማሪዎቼን "ቀለሙን ተዉት፣ ጫፉን እዩ" ስል በራሴ ድምፅ አፍራለሁ።

አምና መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ከጎኗ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጇ ቆማለች። አቅፋ ሳመችኝ፣ ጤናዬን ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

"የነገርኩሽ እሷ ናት" አለቻት። "መምህራችን ያላዩትን ያየችው።"

ፊቷን አጥብቄ አየሁት፤ ሽሙጥ የለበትም። ሽሙጥ ቢኖርበት በተሻለኝ ነበር። ልጅቷ በሁለት እጇ ጨበጠችኝና ጎንበስ አለች። "ስለ እርስዎ እየነገረችኝ ነው ያደግኩት" አለችኝ።

ለማስተካከል ጊዜ ነበረኝ፤ ሰልፉ ረጅም ነበር። "አመሰግናለሁ፣ ልጄ" አልኳት።