የአምሳል ሠላሳ በዓላት

«ፋብሪካውን ያባረርሽው አንቺ ነሽ! ሠላሳውንም ቀን በዓል ብሎ ጽፎ ለፈረንጅ የሚሰጥ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ይህን ያለችው ታየች ናት። አዘዞ ላይ፣ ከሸሚዝ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ሻይ ቤት አላት። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሻይዋን የሚጠጣው ዘበኛው አያ ሰውአገኝ ነው፤ አንዳንዴ እኔ። የተሰደበችው አምሳል ሻይዋን እፍ አለች።

አምሳል የቁስቋም መሪጌታ ልጅ ናት። ፋብሪካው ውስጥ አራት ዓመት ኮሌታ ሰፍታለች። ኮሌታ ብቻ። ከኮሌታ በታች ያለውን የምታውቀው ባሏ ሲለብስ አይታ ነው።

ነሐሴ ላይ ሥራ አስኪያጁ በአስተርጓሚ አስጠርቶ «የምታከብሯቸውን ቀኖች ጻፊልኝ» አላት። ሌላ ሰው ቢሆን ገናንና ፋሲካን ጽፎ ይወጣ ነበር። እሷ ከልደታ ጀምራ ማርቆስ ላይ አቆመች፤ ያቆመችውም ወሩ ስላለቀ ነው። ሰውዬው ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ላይ ጳጉሜ ነበረች።

መስከረም ላይ ማሽኑ ሁሉ ተጭኖ ባሕር ተሻገረ። ከሥራ የወጡት ሴቶች የታየችን የጓሮ ክፍል ተከራይተው የተማሪ ዩኒፎርም ሊሰፉ ነው። አምሳል ግን እንዳትገባ ተባለ። ሰላምታም ነሷት።

«ምነው ጥቂቱን እንኳ ብትተይው?» አልኋት።

«ማንን ልተው? የተውሁት ቢቀየመኝስ?»

«ለመሆኑ በበዓል ቀርተሽ ታውቂያለሽ?»

«ደመወዝ ይቆረጣል እኮ! አንድ ቀን አልቀረሁም። ፈረንጁም ስለ መቅረት አልጠየቀኝም።»

አያ ሰውአገኝ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ነሐሴ የተጻፈ ወረቀት ሰኔ ላይ ሳጥን ያስመጣል?»

«የምን ሳጥን?» አለች ታየች።

«የማሽኖቹ ማሸጊያ፣ ባዶውን። ሰኔ ላይ ያወረድኋቸው እኔ ነኝ። የሚሄዱበት አገር ስም በቀይ ተጽፎባቸዋል። አስተርጓሚውን ህሩይን አስነብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አስኬዳቸው?»

«ሸሚዙን የሚገዛው አገር የኛው ላይ ቀረጥ ጣለበት፣ ማሽኖቹ የሄዱበት አገር ሸሚዝ ላይ ግን አልጣለም። ደግሞ ከእኛ ጅቡቲ ለመድረስ መኪናው ስንት ቀን ይፈጃል፤ እዚያ ፋብሪካው ወደቡ ላይ ነው አሉ።»

«ደመወዙም ይረክስ ይሆናላ።»

«በደመወዝማ ከእኛ የሚረክስ አጥተው ነው የመጡት።»

«የበዓሉን ዝርዝርሳ ምን አደረገው?»

«ፋብሪካውን በበዓል ዘግቶ ሰው እንዳያስቀይም ባዶ ቀን ይፈልግ ነበር። ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። ተስፋ ቆርጦ በማርያም ዕለት ዘጋው።»

ታየች ፊቷ ቀላ። «አያ ሰውአገኝ፣ ምነው እስካሁን ዝም አልህ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ታየች ጠረጴዛውን ወለወለች። ንጹሕ ነበር፤ ደግማ ወለወለችው። ከዚያ ወደ አምሳል ሳታይ «ለሴቶቹ እኔ እነግራቸዋለሁ። ነገ መጥተሽ ሥራ ጀምሪ» አለች።

«ነገ ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ሚካኤል አይደል እንዴ! ነገማ አልሠራም። አራት ዓመት ያላከበርሁት ይበቃኛል።»

«እሺ ከነገ ወዲያ።»

አምሳል በጣቷ ቆጠረች። አሥራ ሦስት ሩፋኤል መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ግን አላስታወስኋትም።

«ከነገ ወዲያ ሸጋ ነው» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

የሻዩን አልከፈለችም። ታየችም አልጠራቻትም።