ያልተቃጠለው አንድ ኔጌቲቭ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ካሜራ አልነካሁም። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ታደሰ እንስራ ሰጥተው ውኃ አስቀዱኝ። የጋምቤላ ሙቀት የፊልም ማጠቢያውን መድኃኒት ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ጠርሙሶቹ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ገንዳ ተነክረው ይውላሉ። "የዚህ አገር ፎቶ ግማሹ ውኃ ነው" አሉኝ። እኔ ከሰፈራ መንደራችን የወጣሁት ፎቶ አንሺ ልባል ስለነበር ቅር አለኝ።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበርና ሥራ አይጠፋም። ቢሮው ሁሉ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ የሚቀጠረው ሁሉ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል። በሦስተኛው ወር ጋሽ ታደሰ ሪታች አስተማሩኝ። በሹል እርሳስ የታጠበው ፊልም፣ ኔጌቲቩ ላይ እየነካኩ የፊት ጠባሳና መጨማደድ ማጥፋት ነው። እጄ ቶሎ ተፍታታ፤ ልቤም አብሮ አበጠ።

አቶ ጋትሉዋክ ከባለቤታቸው ጋር የመጡት ያን ሰሞን ነው። በአንድ ቢሮ ጥበቃ ሊቀጠሩ ነበር። ሁለቱም ለየብቻ ተነሱ። የኑዌር ወንድ ሲጎረምስ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር ይቀረጻል። በየገበያው አየዋለሁ እንጂ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ያሳመርኳቸው መስሎኝ ስድስቱንም በእርሳስ ደፈንኳቸው። ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀብኝ።

አቶ ጋትሉዋክ ፎቶውን ተቀብለው በሩ ጋ፣ ብርሃን ላይ አዩት። "ቆንጆ ነው። ግን እኔ አይደለም" አሉ።

ባለቤታቸው ተቀብለው አዩና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ይሄን ሰውዬ እኔ አላገባሁም!"

አቶ ጋትሉዋክ አልሳቁም። "ይሄ ገና ልጅ ነው" አሉኝ። "እኔ ለዚህ መስመር ተኛሁ። ቢላው ሲሄድ አላለቀስኩም።"

የምገባበት ጠፋኝ። ጋሽ ታደሰ እንደገና አነሷቸው፤ እኔ ያበላሸሁትን ኔጌቲቭ ግን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። "እርሳሱን እንዳትጠርጊው። እርሳስ ባነሳሽ ቁጥር እዪው።" መሳቢያዬ ውስጥ አኖርኩት። ሌላው ኔጌቲቭ ሁሉ ስም እየተጻፈበት ካርቶን ይገባል። አሮጌውን ማን ፈልጎ ይመጣል ስላቸው "ይመጣል" ይሉኛል።

ከዓመታት በኋላ ወባው ሲበረታባቸው ጋሽ ታደሰ ፎቶ ቤቱን ለእኔ ትተው ወደ አገራቸው ገቡ። ሲሄዱ "ካርቶኖቹን አደራ" አሉኝ። አደራውን የጠበቅሁት ሁለት ክረምት ብቻ ነው። ጣሪያው አፈሰሰ፤ ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣበቀ፤ ሻጋታው አላስቀምጥ አለኝ። ቦታም ፈለግሁ። ሁሉንም ጓሮ አውጥቼ አቃጠልኩት። ደህናውንም ጭምር ነው፤ መለየቱ ሰልችቶኝ።

የአቶ ጋትሉዋክ ልጅ ኛቦል ከኢታንግ የመጣችው በዓመቱ ነው፤ ገና መቆም ያልጀመረ ወንድ ልጅ ታቅፋ። አባቷም እናቷም ሞተዋል። የሁለቱ ፎቶ የነበረበትን ሳጥን ደግሞ ባሮ ወንዝ ሞልቶ ወስዶታል።

"ልጄ አያቶቹን አላየም" አለችኝ። "አባቴ ተናግሯል፤ እዚህ ቤት ፊልም አይጥሉም ብሎ።"

እውነቱን ለመናገር ድፍረት አጣሁና ነገ ነይ አልኳት። ከሄደች በኋላ ነው መሳቢያው ትዝ ያለኝ። ኔጌቲቩ እንደተጠቀለለ አለ። አልኮል በነካው ጥጥ የገዛ እርሳሴን ቀስ እያልኩ ጠረግሁት። በኔጌቲቩ በኩል ብርሃን ያሳረፍኩበትን የፎቶ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ስነክረው የአቶ ጋትሉዋክ ዓይኖች ብቅ አሉ፤ ከእነሱ ጋር ስድስቱ መስመሮች። ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ኛቦል መስመሮቹን በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ የልጇን ጣት ይዛ ደግማ ቆጠረች። "አባቴ ነው" ብላ አቀፈችኝ። ሥራዬን የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም።

"አሁን እናቴን ስጪኝ" አለች።

የእናቷ ሳቅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። "አቃጥዬዋለሁ እህቴ" አልኳት። "ካርቶኑን ሁሉ አቃጥዬዋለሁ።"

እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር፤ ብትሰድበኝም ደስ ባለኝ።

"አንቺ እናቴን አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

"እንግዲያ ንገሪው" አለችና ልጁን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

ነገርኩት። ሴት አያቱ በሩ ጋ ቆመው እንዴት እንደሳቁ፣ "ይሄን ሰውዬ እኔ አላገባሁም" እንዳሉ ነገርኩት። ኛቦል በኑዌርኛ እየተረጎመችለት፣ እሱ የሸሚዜን ቁልፍ እየጎተተ። የማስታውሰው ያንኑ ያህል ነበርና ቶሎ አለቀብኝ።

ከዚያ ወዲህ በፎቶ ቤቴ የደንበኛ ኔጌቲቭ አይጣልም። ቦታ ከጠበበ ባለቤቱ ተፈልጎ ይሰጠዋል።