ያዩትን ከሰሙት ይለዩ የነበሩት አቶ ይልማ

የዱር አራዊት ተቆጣጣሪው አቶ ይልማ ማረፋቸውን አሰብ ላለነው ወዳጆቻቸው ያደረሰልን የመንገድ ጓዳቸው ሐመዱ ነው። ከደባይሲማ በካሚዮን መጥቶ ከጋዜጣ ቢሮዬ በር ላይ ተቀመጠ። አፋሮች ዳጉ በሚሉት የወሬ ልውውጥ ወግ መሠረት መጀመሪያ የመንገዱን፣ ከዚያም የዝናቡንና የከብቱን ነገረኝ። በመጨረሻ «ይልማ በወባ አረፈ» አለ።

«ያየኸው ነው የሰማኸው?» አልሁት። ይህ የአቶ ይልማ የዘወትር ጥያቄ ነበር።

«ያየሁት ነው። ዓይኑን የከደንሁት እኔ ነኝ።»

አቶ ይልማ ከጎጃም ተመድበው የመጡ ሲሆን፣ ሥራቸው ወደ ደባይሲማ በሚወስደው በረሃ የቀሩትን የዱር አህዮች መከታተል ነበር። በረሃው ሰፊ፣ እርሳቸው ብቻቸውን ስለነበሩ ዳጉን የሥራ መንገዳቸው አደረጉት። ያገኙትን አርብቶ አደር ከመጠየቃቸው በፊት ቁጭ ብለው የራሳቸውን ወሬ ይሰጣሉ። ለዚሁ ሲሉ ከአሰብ ከመውጣታቸው በፊት ሆስፒታል ገብተው የአፋር ሕሙማንን እየዞሩ ይጠይቁ ነበር፤ የእያንዳንዱን ደኅንነት ለዘመዱ ያደርሳሉ። «ሳይሰጡ መጠየቅ ምርመራ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ከእርሳቸውና ከሐመዱ ጋር ወጣሁ። በዚያ ሰሞን አዳኞች «እነዚህ ከባለቤት የጠፉ የቤት አህዮች ናቸው» ብለው የአደን ፈቃድ ጠይቀው ስለነበር፣ የአቶ ይልማ ምስክርነት ይጠበቅ ነበር። መንጋውን ከሩቅ አየነው። የዱሩ አህያ መለያ እግሩ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ነው፤ ከጋለው አሸዋ የሚነሣው ወላፈን ግን እግራቸውን አድበስብሶታል።

«ጋሼ ይልማ፣ የዱር ናቸው ብለው ይጻፉ እንጂ። ማን ያውቅብዎታል?» አልኋቸው።

«አህያዋ» አሉ ሳይስቁ።

ሐመዱ ግን ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ ጋዜጠኛ ነኝ ትላለህ! እግሯን ሳታይ ነው የምትጽፋት?»

መንጋው ከሚወርድበት የውሃ ጉድጓድ ፈንጠር ብለን፣ ከድንጋይ ኋላ ተኝተን ጠበቅን። የያዝነው ውሃ ሊያልቅ ደረሰ፤ እንዳናስደነግጣቸው ወደ ጉድጓዱ መጠጋት አልቻልንም። ሐመዱ ማጉረምረም ሲጀምር አቶ ይልማ ኮዳቸው ውስጥ የቀረችውን ሰጡት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት እናት ውርንጭላዋን አስከትላ መጣች። እግሯ ላይ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። አቶ ይልማ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን ለሐመዱ ሰጡት፤ እርሱም ለእኔ አቀበለኝ።

«አሁን ሦስታችንም አየን» አሉ።

ምስክርነታቸውን ሰጡ፤ ፈቃዱም ተከለከለ።

ጋሼ ይልማ፣ እንግዲህ የእርስዎን ዳጉ ልስጥዎ። የሰማሁት፣ ሐመዱ እንዳለኝ፣ ያቺ እናት ዘንድሮም አዲስ ውርንጭላ አስከትላ ውሃ ወርዳለች። ያየሁት ደግሞ፣ ሐመዱ አሰብ አላደረም፤ ከሆስፒታሉ የሕሙማኑን ወሬ ይዞ፣ መነጽርዎን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ወደ ደባይሲማ በሚመለሰው ካሚዮን ተሳፍሯል። በሰላም ይረፉ።