ለእኔ የተጾመ ሰኞ

ከደብረ ሲና የወጣሁት ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ጉሙ አገሩን እስኪሸፍንልኝ ጠብቄ ነው። ባሌ አርበኛ ሆኖ ጫካ ገብቷል፤ ጣሊያን ደግሞ የአርበኛ ሚስት ያድናል። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ጋቢዬ ሸክም ሆነብኝ። ብርዱን የምታማርሩ ወገኖቼ፣ ይህን ሙቀት ባያችሁት።

ያስጠጉኝ ከሮቢት ወጣ ብሎ ባለ የእስላም መንደር የሚኖሩት ሼህ ኡመርና ሚስታቸው ዘሃራ ናቸው። የማሽላ እንጀራ ለመድኩ፤ ጤፍ ይናፍቀኛል፣ አልዋሽም። እነሱ ያረዱትን ግን አልበላም፤ እነሱም የክርስቲያን ሥጋ አይነኩም። በዚህ ተቀያይመን አናውቅም። ከብት በታረደ ቁጥር ዘሃራ ለእኔ ሽሮ ለብቻ ትሠራልኛለች።

ይህን ልማዳችንን ለጣሊያኑ ምሽግ አዛዥ፣ ለካፒታኖው፣ ማን እንደነገረው እግዜር ይወቅ። ሰኞ በሬ በእስላም አሳርዶ መንደሩን ሊያበላ ነው፤ ያልበላ የተሸሸገ ክርስቲያን ነውና ይታሰራል የሚል ወሬ ቅዳሜ ደረሰን። ወይ እምነቴን ወይ አንገቴን ልሰጥ ነው።

«ልሂድ፤ እናንተንም አላስፈጅ» አልኳቸው።

ሼህ ኡመር ጢማቸውን ዳበሱ። «የት ትሄጃለሽ? ሰኞ የሱና ጾም ነው። እንጾማለን።»

«ማን ማን?»

«ሁላችንም።»

መጾም የማይችሉትን ሕፃናት ሰኞ ማለዳ ከከብቱ ጋር ወንዝ ወዲያ ሰደዷቸው።

የጥብሱ ሽታ መንደሩን ሞላው። ካፒታኖው በቋንቋው «ማንጃሬ፣ ማንጃሬ»፣ ብሉ ብሉ፣ ይላል። እጁን የሚዘረጋ ጠፋ።

«ይሄ ሁሉ ክርስቲያን ነው?» አለ በአስተርጓሚው።

«ጾመኛ ነን ጌታው» አሉ ሼህ ኡመር።

«እኔ እናንተን ከክርስቲያን ላድን ነው የመጣሁት።»

«አላህ ይስጥልን። ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቁንና አብረን እንበላለን።»

መጠበቅ አልቻለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ምሽጉ መግባት አለበት፤ እነ ባሌ የሚወጡት ያኔ ነዋ። በሃይማኖት ሊያባላን የመጣው ሰውዬ በሬውን ትቶልን እየሮጠ ሄደ። መንደሩ ሳቅ በሳቅ ሆነ፤ እኔም ከተሰደድኩ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

እነሱ በበሬው ሲያፈጥሩ እኔ ዘሃራ በሰጠችኝ ተምር ጾሜን ፈታሁ። ቀኑን ሙሉ አብሬያቸው ጾሜ ነበር፤ በእኔ ምክንያት የተራበ ሰው ፊት እህል መቅመስ አላስቻለኝም።

«ከእስላም ጋር እንዴት ትኖሪያለሽ? ተመለሽ» ብላችሁ ልካችሁብኛል። ጉሙ ይናፍቀኛል፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ደወል ሳስብ አለቅሳለሁ። ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። ቤቴን ለጣሊያን ያሳየው ሰው፣ አብሮኝ ይቆርብ የነበረው፣ አሁንም ጎረቤቴ ነው?