የአልጋ ሰባት ጣፊያ

የሕክምና ትምህርት አራተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ የገዛ ጋዋኔ ያስጠላኝ ነበር። ከታጠበ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አንገትጌው ቢጫ ሆኗል፤ እጅጌው ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው ደም ደርቋል። ጠዋት የሕሙማን ዋርድ፣ ከሰዓት ክፍል፣ ከዚያ ቤተ መጻሕፍት። እንደለበስኩት እበላለሁ፤ እንደለበስኩት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ እተኛለሁ። ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ እየኖርኩ ሐይቁን ካየሁት ወራት ተቆጥረዋል።

የውስጥ ደዌ ፈተና ሳምንት ሲቀረው አልጋ ሰባት ላይ አንድ ሽማግሌ ተኙ። ከገጠር ነው የመጡት። አማርኛ ስለማይችሉ የምታስታምማቸው ልጃቸው ታስተረጉምላቸዋለች። ጣፊያቸው አብጦ እምብርታቸው ድረስ ወርዷል። ወሬው ዶርም ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

«አልጋ ሰባትን ነካሽው? እንዴት ያለ ቆንጆ ጣፊያ መሰለሽ! ለፈተና መቅረቡ አይቀርም» አለችኝ የዶርም ጓደኛዬ።

አልጋው ጋ ስደርስ ስምንት ተማሪዎች ተሰልፈዋል። አንዱ ሲነሳ ሌላው ሆዳቸውን ይጫናል። ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነክሰው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«ዶክተር፣ ይበቃል። አባቴ ደክሞታል» አለች ልጃቸው፣ ተራው ሲደርሰኝ።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባባ» አልኩና ተጫንኩ። አቃሰቱ። የጣፊያው ጠርዝ ጣቶቼን ሲነካኝ ግን ደስ አለኝ። «አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላዬ ያሉት ሳቁ።

ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ፒያሳ ወርደን ምሳ አዘዝን። ጓደኛዬ ምግብ በአፏ ሞልታ ጣፊያው ከጎድን አጥንት በታች ስንት ጣት እንደሚወርድ ትከራከረኛለች። ልጎርስ ስል ያ ማቃሰት ጆሮዬ ላይ መጣ። ጉርሻውን ትሪው ላይ መለስኩ። ጥያት ወጣሁ።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ይቅርታ ልጠይቃቸው ገባሁ። ገና ሲያዩኝ ሸሚዛቸውን ገለጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሸሚዙን መልሼ አለበስኳቸው።

«አልነካዎትም፣ አባባ። ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ልጃቸው ተረጎመችላቸው። አላመኑኝም። እስክወጣ ድረስ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

ለሚቆጣጠረን ሐኪም፣ «ዛሬ እንኳን ይረፉ» አልኩት።

ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «እኛም እንዲህ ነው የተማርነው» አለና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። ያን ቀንም ተማሪዎቹ ተሰለፉ።

በፈተናው ቀን የትኛውን ሕመምተኛ እንደምንመረምር ዕጣ ሲወጣ የደረሱኝ እሳቸው ናቸው። እጄን ሆዳቸው ላይ አሳረፍኩ እንጂ አልተጫንኩም፤ ከሳምንት በፊት አሳምሜያቸው ያገኘሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ፈታኙ «ጎበዝ!» አለኝ።

ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ጓደኞቼ አቅፈው ሲስሙኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው በዚያው ሳምንት ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ይዳኑ አይዳኑ የጠየቀ ተማሪ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።